ያለ ድምፅ የምታለቅስ ልጅ

እናታችን አርባውን ቀን ኮምቦልቻ ሆና አራሷን እህቴን ስትንከባከብ ቆይታ፣ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ወዳለው ቤታችን በተመለሰች ማግስት ልብሴን ራሷ አጣጥፋ ቦርሳ ውስጥ ከተተችልኝ።

«ትሄጃለሽ» አለችኝ። «ጆሮ ትሆኛታለሽ።»

እህቴ አትሰማም። አራት ዓመት ሊሞላት ሲል፣ ቤተሰባችን ገና ኩታበር እያለ፣ የያዛት ትኩሳት መስማቷን ይዞባት ሄደ። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። በስምንት ዓመት ስለምትበልጠኝ፣ አፌን ከመፍታቴ በፊት እጄን ፈታሁ ማለት ይቻላል። ባሏም አይሰማም። የተዋወቁት ደሴ፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ክፍል ውስጥ ነው። አሁን ኮምቦልቻ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ይሠራል። እዚያ የማሽኑ ጩኸት ሰውን ከሰው ስለማያደማምጥ ሠራተኛው ሁሉ የሚግባባው በእጁ ነው። «እዚያ ቤት ስገባ ሁሉም እንደ እኔ ይሆናሉ» እያለ ይስቃል።

እናታችን ግን ነገሩ አያስቃትም ነበር። «ሁለቱም አይሰሙ፤ ሕፃኗ ስታለቅስ ማን ይደርስላታል? ትን ቢላትስ? ከአልጋ ብትወድቅስ?» ትላለች። እኔ ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ እየፈለግሁ ቤት ተቀምጬ ስለነበር እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እኔ የማይሆን ነገር ያገኘሁ መሰለኝ።

የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲቃረቡ የደሴ ብርድ ከላይዎ ላይ ይገፈፋል። ሹራቤን ሚኒባሱ ውስጥ አውልቄ፣ ቦርሳዬን ታቅፌ እህቴ ቤት ደረስኩ። ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ ግቢውን ከሌሎች ሦስት ተከራዮች ጋር ይጋሩታል። መጀመሪያ ያየሁት መስታወቶቹን ነው። መንገድ ላይ የሚሸጡት፣ ዙሪያቸው ፕላስቲክ የሆነ ትንንሽ መስታወቶች ናቸው፤ አንዱ ከቡታጋዙ በላይ፣ አንዱ ከደጅ ልብስ ከምታጥብበት ፊት ለፊት፣ አንዱ በሩ አጠገብ ተሰቅለዋል። እህቴ ወደየትም ዞራ ብትቆም የልጅቷ ፍራሽ ይታያታል።

በእጅ የተነገረውን ሁሉ እዚህ እንደ ማንኛውም ንግግር እጽፈዋለሁ። ለእኛ ቤት ልዩነት የለውም።

በመጀመሪያው ቀን ሽንኩርት እየላጥን ሳለ ልጅቷ እህ፣ እህ ማለት ጀመረች። እኔ የያዝኩትን ቢላዋ እስካስቀምጥ እህቴ አንስታ አቅፋት ነበር። ገረመኝ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«በእግሯ» አለችኝ። «ከማልቀሷ በፊት እግሯን ትሰበስባለች። ቀጥሎ የታች ከንፈሯ ይመጣል። ለቅሶው ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ ለቅሶው ላይ ነው የምትደርሺው።»

እኔ ያንን እንደ ቀልድ ነው የያዝኩት። ቀኖቹ ሲቆጠሩ ግን ሥራ ያጣሁ ጆሮ ሆንኩ። ልጅቷ ስትራብ በአፏ አየር እንደምትጠባ፣ እንቅልፏ ሲመጣ ግራ ጆሮዋን እንደምትጎትት፣ ሰው ሲበዛባት አንገቷን ወደ ግድግዳ እንደምታዞር የነገረችኝ እህቴ ናት። ሌሊት እህቴ የምትተኛው አንድ እጇን የልጅቷ ደረት ላይ አድርጋ ነው፤ አተነፋፈሷ ከተለወጠ እጇ ይነግራታል። ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ሌላ ነገር ነው። እኔ መስማቴ ሰነፍ አድርጎኝ ነበር። ልጅቷ ስታለቅስ ተቀምጬ ለቅሶውን እመዝናለሁ፤ «ይሄ የቅብጠት ነው፣ ትንሽ ትቆይ» እላለሁ። እህቴ መመዘን አትችልም። መጥታ፣ ጎንበስ ብላ ፊቷን ማየት አለባት። ስታይ ደግሞ እያንዳንዱ ጊዜ ልጅቷ እናቷን ፊት ለፊት ታገኛታለች።

ዓመት ሲሞላት ለክትባት ጤና ጣቢያ ሄድን። ወረፋው ረጅም ነበር። ልጅቷ ከእናቷ ጭን ወርዳ አግዳሚውን እየያዘች ሄደች፤ አንድ የማታውቃቸው አዛውንት ዘንድ ስትደርስ ቆመችና ዞር አለች። እህቴ እያየቻት ነበር፤ አንገቷን ነቅነቅ አደረገችላት። ልጅቷ የአዛውንቱን ከዘራ ያዘች። ትንሽ ቆይታ እንደገና ዞረች፤ እህቴ አሁንም እያየች ነው። ጎናችን የተቀመጠች እናት ልጇን «ነይ! አትሂጂ! ወደቅሽ!» እያለች ከስልኳ ቀና ሳትል ትጣራለች። መርፌው ሲወጋት ልጅቷ እሪ አለች፤ የእናቷ አንገት ውስጥ ገብታ ተነፋረቀች። ብዙም ሳትቆይ ግን ወርዳ የክብደት መለኪያውን ለመነካካት ሄደች።

መርፌውን የወጋቻት ሲስተር፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት፣ እጇን እየታጠበች «ይህቺ ልጅ እናቷን ታምናታለች» አለች። «የሚያምን ልጅ ቶሎ ይጽናናል፤ ቶሎም ይርቃል። ንገሪያት።»

ነገርኳት። እህቴ ፊቷ ቀላ።

ከዚያ ወዲህ የልጅቷን ለቅሶ እምብዛም አልሰማሁም፤ ዝምተኛ ልጅ ናት እል ነበር። ዓመት ተመንፈቅ ሊሆናት ሲል ደሴ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ሥራ አገኘሁ። እናታችን ይህን ስትሰማ ወዲያው ኮምቦልቻ ወረደች። ጆሮ የተባልኩት እኔ ልሄድ ነው። ከዚያም የባሰ ሌላ ሐሳብ ገብቷታል፤ ልጅቷ እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረችም።

«በእጇ እኮ ከሃያ በላይ ቃል ታውቃለች» አልኳት። ውሃ፣ ዳቦ፣ ድመት፣ አባባ፣ ተጨማሪ፣ አልፈልግም፤ ሁሉንም ትላለች።

«እጅ ቃል ይሆናል እንዴ?» አለች እናታችን። «ዘመድ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ልጅቷን ዲዳ አድርገው ሊያስቀሯት ነው ይላል። እኔ ልውሰዳት። አፏን እስክትፈታ። ወላሂ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አላሳድራትም፣ እመልሳታለሁ።»

ይህን ለእህቴ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። እህቴ «አይሆንም» አለች። እናታችን ለመነች። ባሏ መሬት መሬት ያያል። እናታችን ማልቀስ ስትጀምር እህቴ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

እዚህ ላይ ልዋሽ እችል ነበር፤ አልዋሽም። «ለልጅቷ ይጠቅማታል» አልኩ። ምናልባት ከልቤ ነበር። ምናልባትም ዓመት ሙሉ ጆሮዬ ከንቱ ሆኖ መክረሙ ሳላውቀው አሳፍሮኝ ነበር። እህቴ ብዙ አሰበች፤ በመጨረሻ አንድ ጣቷን አነሳች። አንድ ወር።

ልጅቷ ጡት ጥላ ስለነበር ሄደች። ሚኒባስ መነሻው ላይ እህቴ መስኮቱ ድረስ መጥታ እጇን መስታወቱ ላይ አሳረፈች፤ ልጅቷም ከውስጥ የራሷን አሳረፈች። ጨዋታ መስሏት ትስቅ ነበር።

ደሴ ብርድ ነው፤ እናታችን ሹራብ ደራርባ አለበሰቻት፣ ገንፎ አገነፋችላት፣ ቀኑን ሙሉ «እማ በይ፣ ባባ በይ» ስትላት ትውላለች። ይህን የምጽፈው እናቴን ጠልቼ አይደለም፤ ከቤታችን ሰው ሁሉ ይበልጥ ሆዷ የሚባባው እሷ ናት። እኔ ጠዋት ወጥቼ ከመግሪብ በፊት እመለሳለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ልጅቷ በር ስገባ ሮጣ መጥታ እጇን ታፋጥናለች፤ ውሃ፣ ድመት፣ እማማ፣ ውሃ። ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመችውን ነው። ሳምንቱ ሲያልቅ ግን ማፋጠኑ ቀረ። እጇን ትጀምርና ትተወዋለች።

እህቴ በየቀኑ የቪዲዮ ጥሪ ትደውል ነበር። እናታችን ግን «የእናቷን ፊት ካየች ይብሳታል፤ ትልመድ» ብላ ልጅቷ ስትተኛ ብቻ ነበር የምታነሳው። እህቴ የተኛች ልጅ እያየች ትዘጋለች።

«እንዴት ናት?» ስትለኝ «ደህና ናት» እላታለሁ። እናታችንም ትጨምርበታለች፤ «ማሻአላህ በያት! እንደዚህ ያለች ጨዋ ልጅ አላየሁም። አታለቅስም። አንድ ቀን አልቅሳ አታውቅም በያት።»

በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ነበር። ልጅቷ አልተኛችም፤ ከኋላችን ምንጣፉ ላይ በቆርቆሮ ክዳኖች ትጫወታለች። እኔና እናቴ ሶፋው ላይ ስልኩን ይዘን ተቀመጥን። እናቴ እንደ ልማዷ «ጨዋ ናት፣ አታለቅስም» ትላለች፤ እኔ በአንድ እጄ እተረጉማለሁ። በድንገት የእህቴ ፊት ተለወጠ። እጆቿ ተቀላቀሉብኝ።

«እያለቀሰች ነው» አለች። «እያለቀሰች ነው! ኋላችሁ! እያለቀሰች ነው!»

ቤቱ ጭጭ ብሏል። የሚሰማ ነገር አልነበረም። ዞርኩ።

ልጅቷ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደ ጀርባችን አድርጋ፣ አፏ ተከፍቶ፣ ግንባሯ ተሸብሽቦ፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ታለቅስ ነበር። ሙሉ ለቅሶ ነው፤ ድምፅ ብቻ ነው የሌለው። አንዱ ክዳን ጣቷን ቆርጧታል። ከመቼ ጀምሮ እንደምታለቅስ አላህ ይወቅ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ኮምቦልቻ ሳለን ዝምተኛ ልጅ ናት ስል የነበረው ዝምታ አልነበረም። ከተወለደች ጀምሮ ያመጣላት ድምፅዋ ሳይሆን ፊቷ ነው። እናቷ ፊቷን ስታይ ትመጣለች፤ ስለዚህ እያደገች ስትሄድ ድምፁን ተወችው፣ ፊቱን ያዘች። እናቷ ዞራ ከሆነ ቀሚሷን ትጎትታለች፣ ወይ መሬቱን ትመታለች። ይህንን ዓይኔ እያየ ዓመት አሳልፌያለሁ። እዚህ ቤት ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ጆሯችንን አምነን ጀርባችንን በሰጠናት ሰዎች መሐል፣ ስንት ጊዜ እንዲህ አልቅሳ ማንም ሳይመጣ ብቻዋን እንደተወችው አላውቅም። ጨዋ ያልናት ተስፋ ስትቆርጥ ነው።

አንስቼ አቀፍኳት። እናታችን ቆማ ቀረች። «ድምፅ የላትም እንዴ? ምን ሆነች? ድምፅዋ የት ሄደ?» ትላለች። አስረዳኋት። ሁለት ጊዜ ነው ያስረዳኋት። ከዚያ ስልኩን ከሶፋው ላይ አንስታ፣ አሁንም እጆቿን የምታፋጥነውን እህቴን አየቻትና፣ በእጅ የምታውቃትን አንዲት ቃል አለቻት። ነገ።

በማግስቱ ሥራ አስፈቅጄ ሦስታችን ወረድን። ልጅቷ እናታችን ጀርባ ላይ ታዝላ ነበር። እህቴ በር ላይ ቆማ ነበር። እኔ ልጅቷ ዘላ የምትሄድላት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን እናቷን አንድ ጊዜ አየችና ፊቷን አዙራ በእናታችን ትከሻ ውስጥ ቀበረችው።

«ረስታታለች» አለች እናታችን።

እኔ ብሆን ነጥቄ እወስዳታለሁ። እህቴ አልነካቻትም። መሬት ላይ፣ በሩ አጠገብ ቁጭ አለች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። እናታችን አውርዳ አስቀመጠቻት። ልጅቷ ከእናቷ ራቅ ብላ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ሻይ ተፈላ፣ ተጠጣ። እህቴ አልተነሳችም፣ ዓይኗንም አልነቀለችም። ልጅቷ አንድ ጫማ አንስታ ወደ እናቷ ወረወረች። ሌላውን ጫማ ወረወረች። ከዚያ ራሷ መጣችና በትንሽ መዳፏ የእናቷን ጉልበት መታችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ።

«ተናደሻል» አለቻት እህቴ፣ እጇን ዝግ አድርጋ። «ልክ ነሽ። ጠበቅሽኝ። አልመጣሁም። አሁን አለሁ።»

የልጅቷ ከንፈር መጣ። አፏ ተከፈተ። ድምፅ የለውም። እህቴ እጆቿን ከመዘርጋቷ ልጅቷ ጭኗ ላይ ነበረች። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከዚያ ጭን አልወረደችም፤ የእናቷን ነጠላ ጫፍ ጨብጣ ታቃስታለች። ስትወርድ ደግሞ ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞረች። እህቴ እያየቻት ነበር። ሦስት ሄደች፤ ዞረች።

እናታችን ይህን ሁሉ የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ስታይ ቆይታ ነበር።

«ንገሪልኝ» አለችኝ።

«ምን ልበላት?»

«የታመመች ቀን። ትኩሳቱ የያዛት ቀን። ከጠዋት ጀምራ ስትነጫነጭ ነበር። እኔ አረም ላይ ነኝ፤ ቅብጠት መስሎኝ ተቆጣኋት። ማታ ስዳብሳት እሳት ሆናለች። እኔ ጆሮ ነበረኝ በያት። ሰምቼያት ነበር። ሰምቼ ነው ያለፍኳት። ለልጅሽ ስሰጋ የፈራሁት አንቺን አይደለም፣ ራሴን ነው በያት።»

ይህን እስከዚያ ቀን ለማንም ነግራ አታውቅም። ለአባቴም። ቃል በቃል ነገርኳት። እህቴ ሁሉንም ተከታትላ ስታበቃ ወደ እኔ ሳይሆን በቀጥታ ወደ እናታችን ዞረች፤ እኔ ከጎን ሆኜ ቃሏን በድምፅ ሰጠሁላት።

«እሱን አላስታውሰውም» አለች። «እኔ የማስታውሰው በማግስቱ ነው። አዝለሽኝ ከኩታበር ደሴ ሐኪም ቤት በእግርሽ ስትወስጂኝ። ደረቴ ጀርባሽ ላይ ነበር። ጀርባሽ ይነቃነቃል። የምትስቂ መስሎኝ ነበር። እማ እየሳቀች ነው፣ ስለዚህ ምንም አልሆንም ብዬ ተኛሁ።»

እናታችን ሳቀች፤ ሳቁ ከየት እንደመጣ አላውቅም። እየሳቀች አለቀሰች፤ ሽርጧን ፊቷ ላይ አድርጋ። እህቴ ተነስታ ሄዳ መዳፏን ጀርባዋ ላይ አደረገች። «አሁንስ የቱ ነው?» አለችኝ በሌላ እጇ። «ሁለቱም» አልኳት።

እናታችን በኮምቦልቻ ሙቀት እያማረረች ዘጠኝ ቀን ቆየች። ስትመለስ ልጅቷን አልጠየቀችም።

ይህ ከሆነ አምስት ዓመት አለፈው። ልጅቷ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። ግቢ ካሉት ልጆች ጋር ስትጫወት አፏን ፈታች፤ ዛሬ እንዲያውም ዝም በይ የሚላት ጠፋ። በእጇም በአፏም ትቀጥፋለች። ጤና ጣቢያም ቀበሌም ሲኬድ ሰዎች ልጅቷን «ለእናትሽ ንገሪያት» ይሏታል። እህቴ ይህን አትፈቅድም። ወረቀትና እስክሪብቶ ታወጣለች፤ ወይ እኔን ትጠራኛለች። «ልጄ ናት፤ አስተርጓሚዬ አይደለችም» ትላለች።

እኔም አግብቼ ሆጤ ውስጥ እኖራለሁ፤ የስምንት ወር ሴት ልጅ አለችኝ። ባለፈው እህቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ሳለ ልጄ ከጓዳ አለቀሰች። እኔ ደጅ ልብስ እያሰጣሁ «መጣሁ! መጣሁ የኔ ዓለም!» ብዬ ጮኽኩ። እህቴ አፌን አየች።

«ምን አልሻት?»

«መጣሁ አልኳት።»

«መጣሽ?»

እርጥቡን ጨርቅ ባልዲው ላይ ጣልኩትና ገባሁ። ልጄ እግሯን ሰብስባ ወደ በሩ ታይ ነበር።

ይሄን ስናገር ሁልጊዜ የምደርስ እናት እንዳልመስላችሁ እፈራለሁ። አልደርስም። ሥራ አለ፣ ስልክ አለ፣ ድካም አለ። እህቴም ሁልጊዜ አልደረሰችም፤ ቡታጋዙ ላይ ወተት ሲገነፍልባት ልጅቷ ከደረጃ የወደቀችበት ቀን አለ። ልዩነቱ፣ ሲያመልጣት ተመልሳ ትቀመጣለች፤ ጉልበቷን ለመመታት ትሰጣለች።

እናታችን በዚህ ዕድሜዋ በእጅ መናገር እየተማረች ነው። መምህሯ የልጅ ልጇ ናት፤ ጨካኝ መምህር ናት። በየሳምንቱ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እናታችን ስልኩን ስኳር ጣሳው ላይ ታስደግፍና ትጀምራለች። ጣቶቿ ደርቀዋል፤ «ልጅቷ በላች ወይ?» ልትል «ልጅቷን በላሽ ወይ?» ብላ ታውቃለች። እያንዳንዱን ምልክት ስታሳይ ደግሞ ቃሉን አብራ ባላት ኃይል ትጮኻለች፤ ሰፈሩ በሙሉ እህቴ ቤት ምሳ ምን እንደተበላ ያውቃል። ኮምቦልቻ በኩል እህቴ ባሏን በክርኗ ጎሸም ታደርገውና ስልኩ ላይ አብረው ይደፋሉ፤ የእናቴን ጣቶች እያረሙ፣ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ይስቃሉ።